ደረሰኙ እኔ ጋ ነው፦ ለክለባችን ቦርድ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የእግር ኳስ ክለባችን ቦርድ ሰብሳቢና አባላት
በግልባጭ ለሚመለከታችሁ የስፖርት ኃላፊዎችና ለደጋፊው በሙሉ
ጎንደር

ጤና ይስጥልን። ይሄን ደብዳቤ አደባባይ ያወጣሁት ሁለቴ በፖስታ አሽጌ ቢሮ አስገብቼ መልስ ስላጣሁ ነው። አንዱን ጸሐፊዋ ማህተም መታ ፊት ለፊቴ ተቀብላኛለች፣ ሌላው የት እንደገባ እሷም አታውቅም። የክለቡን ስም እዚህ አልጠራም። ልደብቀው ብዬ አይደለም፣ ነገ ተነገ ወዲያ ሌላ ከተማ ሄደን ሆቴል ስንጠይቅ ስማችን ቀድሞን እንዳይደርስ ብዬ ነው። የሚያውቀው ያውቀዋል።

ነገሩን ያነሳሳው ባለፈው ሳምንት የሰማነው ውሳኔ ነው። ቦርዱ ተሰብስቦ "በሚቀጥለው ዓመት የግድ ወደ ላይኛው ሊግ እንወጣለን" ብሏል፣ ለዚሁም ከውጭ ዘጠኝ ተጫዋች ሊያስፈርም ነው፣ የፊርማ ገንዘብ ተቆርጦላቸዋል፣ እንዲያውም ሁለቱ መጥተው አልጋ ይዘዋል ተብሏል። እሺ። ግን የዘንድሮዎቹ ተጫዋቾች የሦስት ወር ደሞዝ አልተከፈላቸውም። ማልያ የሚያጥቡት እናት የአራት ወር። ወጌሻው መቁጠር ትቷል፣ ስጠይቀው ሳቅ ብሎ ዝም ነው የሚለው። ታዲያ ዘጠኙ ሰው የሚፈርመው በየትኛው ኪስ ነው?

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፣ እኔ መውጣት የምጠላ ሰው አይደለሁም። በ2013 የከተማችን ትልቁ ክለብ ፋሲል ከነማ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ድምጼ ተዘግቶ ሁለት ቀን ሱቄ ውስጥ በእጅ ምልክት ነው የሸጥኩት፣ እና ያን ቀን ፒያሳ ላይ ቆሜ የኛም ትንሽ ክለብ አንድ ቀን እዚህ ከተማ ውስጥ እንዲህ ቢያስጨፍረን ብዬ አስቤያለሁ። ስለዚህ በመጨረሻው ስብሰባ "እናንተ ፈሪዎች ናችሁ፣ ትልቅ ማሰብ አይሆንላችሁም" የተባልነውን አልቀበልም። እኛ ያልነው በሌለ ብር አትፈርሙ ነው። ይሄ ፍርሃት ከሆነ በከተማው ውስጥ ሱቅ ያለው ሰው ሁሉ ፈሪ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታው ልግባ፣ ከራሴ ጉዳይ ልጀምር ምክንያቱም ማታ ማታ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው።

አምና ክረምት የደጋፊ ማህበሩ ለታዳጊ ቡድኑ ኳስና ታኬታ እንግዛ ብሎ መዋጮ ጀመረ። ደረሰኙን ያሳተምኩት እኔ፣ የቆረጥኩትም እኔ። ከአራዳ እስከ አዘዞ፣ ማራኪ፣ ቀበሌ 18፣ በእግሬም በባጃጅም ዞሬያለሁ። ባለሱቅ ሰጥቷል፣ አስተማሪ ሰጥቷል፣ ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ራሱ ችግር ላይ ያለ አስጎብኚ ሳይቀር ሰጥቷል። ፒያሳ ላይ ጫማ የሚጠርግ አንድ ሊስትሮ አለ፣ ሃምሳ ብር አውጥቶ ሲሰጠኝ አንተስ ይቅርብህ ብለው ተቆጣኝ፣ "እኔም ደጋፊ ነኝ፣ ደረሰኝ ቁረጪልኝ" አለኝ። ቆረጥኩለት። አራት ቦታ አጣጥፎ የቀለም ሳጥኑ ክዳን ውስጥ በፕላስተር ለጠፈው። እስካሁን አለ። ሳጥኑን በከፈተ ቁጥር ፊርማዬ ይታያል።

የተሰበሰበውን በሙሉ ክለቡ አካውንት ውስጥ አስገባሁ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔም ነው፣ ለምን እንደሚውል የሚገልጽ ወረቀት ሳላስፈርም ነው ያስገባሁት፣ ሰዎቹን ስለማውቃቸው ይሉኝታ ይዞኝ። ጥቅምት ላይ ኳሱስ ብዬ ስጠይቅ ገንዘቡ ለአንድ አጥቂ የፊርማ ቅድሚያ ክፍያ ሆኗል ተባልኩ። "እሱ ጎል ሲያገባ ሁሉም ይመለሳል" ነው የተባልኩት። ልጁ አምስት ጨዋታ ተጫወተ፣ ጉልበቱን ታመመ፣ በቃ። ሊስትሮው ጥር ላይ፣ ለጥምቀት ከተማው ሰው በሰው ሆኖ እሱም ሥራ በዝቶበት እያለ፣ ቀና ብሎ "እትዬ፣ ልጆቹ ታኬታ ተገዛላቸው?" አለኝ። ምን ልበለው? አዎ ብዬ ዋሽቼ አለፍኩ። የቦርድ አባላት፣ ያቺን ውሸት እናንተ ናችሁ ያዋሻችሁኝ።

ስለ አጥቂው አንድ ነገር ልጨምር፣ ልጁን አልወቅስም። ከደቡብ ነው የመጣው፣ አገሩን ትቶ። የተከራየባት ቤት እናት ኪራይ ሲቋረጥባቸው አላስወጡትም፣ እንደውም ሽሮ እየሠሩ ያበሉት ነበር፣ እስከ መጋቢት። መጋቢት ላይ ሻንጣውን ይዞ ፎቶ ኮፒ ላስደርግ ብሎ ሱቄ መጣ። ኮፒ የሚያስደርገው ውሉን ነበር፣ ለፌዴሬሽን ሊከስ። እኔ የክለቡ ደጋፊ የክለቡን ክስ ኮፒ አድርጌ ሰጠሁት፣ ብር ላለመቀበል ስግደረደር "አይ ይከፈል፣ እኔ ያልተከፈለኝ ይበቃል" ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ይሄን የምታነቡ ሰዎች እወቁልኝ፣ ተጫዋች ከሶ ከተፈረደለት ክለቡ እስኪከፍል ከፌዴሬሽኑ አገልግሎት ይታገዳል፣ አዲስ ተጫዋችም ማስመዝገብ ይከለከላል። ማለትም ለዘጠኙ አዳዲሶች አሁን ቀብድ ከፍላችሁ፣ በአንዱ አሮጌ ክስ ምክንያት ዘጠኙም ሳይመዘገቡ ሊቀሩ ይችላሉ። ይሄን ስብሰባው ላይ አንስቼ ነበር፣ "እሱን ለኛ ተይው" ተባልኩ።

ሁለተኛው ጉዳይ ማልያ የሚያጥቡት እናት ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፣ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ይሄ ሰፈር ውሃ በወረፋ ነው፣ አንዳንዴ ሳምንቱን ሙሉ አትመጣም፣ ስለዚህ ጀሪካን በራሳቸው ብር ገዝተው ነው የሚያጥቡት። ባለፈው ቤታቸው ሄጄ አየሁ። አርባ ምናምን ማልያ ዘፍዝፈው፣ የጭቃው ውሃ እንዳይባክን የመጀመሪያውን ወደ ሌላ ሳፋ ገልብጠው ካልሲውን በሱ ያሻሉ፣ ማለቅለቂያውን ደግሞ ለነገ ያስቀምጡታል። ቁጥር ዘጠኝ ማልያ ጎኑ ተተርትሮ ነበር፣ በራሳቸው ክር ሰፍተውታል፣ ክሩ ቀለሙ ትንሽ ይለያል፣ ጨዋታ ላይ ልብ ያለው ሰው ያየዋል። የወር ደሞዛቸው ሁለት ሺህ ብር ነው። የአራት ወሩ ስምንት ሺህ። ስምንት ሺህ ብር! የአንዱ ፈራሚ የአልጋ ሂሳብ እኮ በሳምንት ይሄን ያልፋል። ለምን አይተዉትም ብዬ ጠየቅኳቸው፣ "ልጆቹ ቆሽሸው ይውጡ?" አሉኝ።

ሦስተኛው የታዳጊ ቡድኑ መፍረስ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝና ሂሳብ ልሥራ፣ ሱቅ ያለው ሰው አመል ነው። ሠላሳ ልጅ በሳምንት ሦስት ቀን ልምምድ ቢሠራ፣ ከልምምድ በኋላ ለአንድ ልጅ ዳቦና ሻይ ሠላሳ ብር ብንይዝ፣ በቀን 900፣ በሳምንት 2,700፣ በወር 10,800፣ በአሥር ወር 108 ሺህ ብር ይሆናል። አሠልጣኙ ደግሞ በነጻ ነበር የሚሠራው፣ የትራንስፖርት ብቻ። ቡድኑን "በጀት የለም" ብላችሁ በተናችሁት። በዚያው ወር ለአንድ የመሀል ተጫዋች ብቻ የፊርማ 150 ሺህ ከፈላችሁ፣ ይሄን የነገረኝ ራሱ ተጫዋቹ ነው፣ ሚስጥር መሆኑንም አያውቅም። ማለትም የሠላሳ ልጅ ዓመት በአንድ ሰው ፊርማ ተበላ፣ ተርፎም። ይባስ ብሎ ከተበተኑት ውስጥ አንድ የአዘዞ ልጅ፣ ግራ እግር፣ አሥራ ሰባት ዓመቱ፣ አሁን ሌላ ከተማ ሌላ ክለብ ውስጥ በደሞዝ ነው የሚጫወተው። እኛ ውል ስላልያዝንበት አንድ ብር አላገኘንም። እኔ ስለ ኳስ ቴክኒክ ብዙ አላውቅም፣ ግን ያለህን ሸጠህ የሌለህን በዱቤ መግዛት ንግድ አይደለም፣ ያውም እኛ አልሸጥነውም፣ በነጻ ነው የለቀቅነው።

እናንተ የምትሰጡን መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፣ "መጀመሪያ እንውጣ፣ ስንወጣ ስፖንሰር ይመጣል፣ ገቢ ይመጣል"። እስቲ ይሄንን በጥሞና እንየው።

ድሮ ክለብ ሲወጣ ሜዳው ይሞላል፣ የበር ገቢ ይጨምራል። አሁን የትኛው በር? ከ2013 ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ ራሱ በተመረጡ ከተሞች ነው የሚካሄደው፣ ባህር ዳር፣ ሀዋሳ፣ አዳማ፣ ድሬዳዋ እየተባለ። ፋሲልን የሚያህል ክለብ ሻምፒዮን ሲሆን እንኳን እኛ ጎንደሬዎች ያየነው በቴሌቪዥን ነው፣ አጼ ፋሲለደስ ስታዲየም እዚሁ ቆሞ። ከታች ያለውም ውድድር ክለቦቹን አንድ ከተማ ሰብስቦ ነው። ስለዚህ ስንወጣ የሚጨምረው ትኬት ሳይሆን የአልጋ ቀን ነው። ሃያ አምስት ተጫዋች፣ ሾፌሩን ጨምሮ አምስት ኮቺንግ ስታፍ፣ በሰው በቀን ለአልጋና ለምግብ አንድ ሺህ ብር ብትሉ፣ ይሄ ደግሞ ርካሹ ነው፣ በቀን ሠላሳ ሺህ፣ በወር ዘጠኝ መቶ ሺህ። መንገድ ተዘግቶ ቡድኑ ሳይመለስ ሲቀር የሚቆጠረውን አልጨመርኩም፣ ያ ደግሞ በኛ አገር ብርቅ አይደለም። የቴሌቪዥን ገንዘብ እንደሆነ የፕሪሚየር ሊጉ ነው፣ እኛ ጋ አይደርስም፣ አንድ ደረጃ ብንወጣም አይደርስም።

ስፖንሰርስ? ጎንደር ውስጥ ስለ ስፖንሰር የሚያወራ ሰው ዳሽን ቢራን ማስታወስ አለበት። ፋብሪካ ከኋላው የነበረ፣ ፕሪሚየር ሊግ የተጫወተ ክለብ ነበር፣ በ2008 ወረደ፣ ፈረሰ። ሩቅ አይደለም፣ ማልያው እስካሁን ቤቱ ያለው ሰው አለ። የባንክ ወይም የፋብሪካ ክለብ ባለቤቱ ከፈለገ ያፈርሰዋል ከፈለገ መልሶ ያቋቁመዋል፣ ንግድ ባንክ በ2009 ወርዶ ፈርሶ ተመልሶ መጥቶ በ2016 ሻምፒዮን ሆኗል። እኛ ከፈረስን ማን ነው መልሶ የሚያቋቁመን? እማማ?

በዚያው በ2008 ደግሞ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ የወጡት አራት ክለቦች ነበሩ፣ ፋሲል ከነማ፣ ወልዲያ፣ ጅማ አባ ቡና እና አዲስ አበባ ከተማ። አባ ቡናና አዲስ አበባ በዓመቱ ተመለሱ። ወልዲያ በሁለተኛው ዓመት። የቀረው ፋሲል ብቻ ነው። መውጣት ማለት እንደዚህ ነው፣ ከአራቱ ሦስቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ወርደዋል፣ እነሱ ደግሞ ከኛ የተሻለ አቅም ነበራቸው። ቡና ስንጠጣ አንድ ሽማግሌ ደጋፊያችን ይሄን ሰምተው "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ብለው ዝም አሉ፣ እኔ ግን ስጋቴ አፍሰን የምንለቅመውም እንዳናጣ ነው።

ጉዳዩ የኛ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በ2011 ክረምት የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ራሳቸው የተጫዋች ደሞዝ በወር ከ50 ሺህ ብር አይበልጥም ብለው ተስማምተው ነበር፣ ስንቱ እንዳከበረው ኳስ የሚከታተል ያውቀዋል። እንግሊዝም ያው ነው። ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጠን የማንቸስተርንና የአርሰናልን እናወራለን እንጂ ቤሪ የሚባል ክለብ እንደነበረ ስንቶቻችን እናውቃለን? በፈረንጆቹ 1885 የተመሠረተ፣ የእንግሊዝን ጥሎ ማለፍ ዋንጫ፣ ኤፍኤ ካፕን፣ ሁለት ጊዜ የበላ። በ2019 ከአራተኛው ሊግ ወደ ሦስተኛው ወጣ፣ ጨፈሩ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ፣ በወጣበት ሊግ አንድ ጨዋታ ሳይጫወት፣ በዕዳ ምክንያት ከሊጉ ተባረረ። የወጣበት ቡድን ደሞዝ ሳይከፈለው ነበር የወጣው። እኔ ይሄን ሳነብ የኛን ፔሮል ነው ያየሁት። ሉተንን ደግሞ እዩ፣ በፈረንጆቹ 2009 በገንዘብ ጣጣ 30 ነጥብ ተቀንሶበት ከአራቱ ዋና ሊጎች ውጭ ወደ አምስተኛው ደረጃ ወደቀ፣ አምስት ዓመት እዛው ቆየ፣ በ2014 ተመለሰ፣ ቀስ እያለ በ2023 ፕሪሚየር ሊግ ገባ፣ በሰፈር ቤቶች መሀል በተሰነገ ትንሽ ሜዳ። ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ወርዷል አዎ፣ ግን ክለቡ አለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጫወታል። ይሄን ስናገር አንድ የቦርድ አባል "አሥራ አራት ዓመት ጠብቂ ልትዪን ነው?" ብለው ሳቁ። ስንት ዓመት እንደምንጠብቅ አላውቅም፣ ደሞዝ ሳንከፍል አንውጣ ነው ያልኩት።

የሂሳብ ሪፖርቱን ነገር በአጭሩ፦ ጠቅላላ ጉባኤ ከተጠራ ሁለት ዓመት አልፎታል። ኦዲት አላየንም። ከከተማው የሚደጎመው በጀት ዘንድሮ ህዳር ላይ አለቀ ተባልን፣ ውድድሩ ገና ሳይጋመስ። እንዴት አለቀ ያለ የለም። ለባዛሩ የተሸጠው ቶምቦላ ገቢስ? እሱን ጭራሽ የሚጠይቅም ጠፍቷል።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይሄ ነው።

የክለቡ ዕዳ በሙሉ፣ ለማን ስንት፣ በወረቀት ተጽፎ ቢሮው በር ላይ ይለጠፍ። የተጫዋቾቹን ስም መጻፍ አያስፈልግም፣ ብሩ ይበቃል።

ክፍያ ከታች ይጀመር። መጀመሪያ እማማ፣ ቀጥሎ ወጌሻውና ዘበኛው፣ ከዚያ ተጫዋቾቹ። እነዚህ ሳይከፈሉ አንድም አዲስ ሰው አይፈርም፣ የመጡትም ሁለት ልጆች እውነቱ ይነገራቸውና ይወስኑ፣ ነገ ሱቄ መጥተው ክስ ኮፒ እንዲያስደርጉ አልፈልግም።

ፌዴሬሽን ጋ ከደረሰው ልጅ ጋር ቁጭ ተብሎ በክፍል በክፍል ክፍያ ይስማሙ።

ለታዳጊዎቹ የተዋጣው ገንዘብ ለብቻው በተከፈተ አካውንት ይመለስ፣ ከቦርዱ አንድ ከደጋፊው አንድ ሁለት ፊርማ ይኑረው። አንዴ መመለስ ካልተቻለ በየወሩ፣ ግን ቀኑ ይታወቅ። ታዳጊ ቡድኑም ይመለስ፣ አሠልጣኙ አሁንም ፈቃደኛ ነው፣ ጠይቄዋለሁ።

ከዚህ በኋላ ባንክ ውስጥ የሌለ ብር በውል ቃል እንዳይገባ በጽሁፍ ይወሰን። የዓመቱ ደሞዝ ከተረጋገጠው ገቢ እንዳያልፍ። በዚህ ገንዘብ መውጣት ከቻልን እሰየው፣ እኔም ከፊት ሆኜ ከበሮ እመታለሁ። ካልቻልን እዚሁ ሊግ ላይ አንድ ዓመት ሁለት ዓመት እንቆያለን፣ ማንም አልሞተም።

ጠቅላላ ጉባኤው አዲስ ፊርማ ከመጀመሩ በፊት ይጠራ፣ እስከ መስከረም አጋማሽ። አዳራሽ ችግር ከሆነ ሜዳው ላይ ድንጋይ ላይ እንቀመጣለን፣ ለምደነዋል።

መልሳችሁን በጽሁፍ እጠብቃለሁ። እስከዚያ አዲስ የደረሰኝ ጥራዝ አላሳትምም። የቀረው ግማሽ ጥራዝና የተቆረጠው ሁሉ ቀሪ እኔ ጋ አለ፣ ማየት የፈለገ ደጋፊ አራዳ ሱቄ ይምጣ፣ ቁጥር በቁጥር አሳየዋለሁ። ለሊስትሮው ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ እውነቱን ነግሬዋለሁ። ደረሰኙን አልነቀለውም።

ከአክብሮት ጋር፣
የክለቡ ደጋፊ ማህበር ገንዘብ ያዥ
ጎንደር